ውዝዋዜ ለጀማሪዎች፤ ከፍጥነት በፊት ቆጠራ

የሠርግ ወራት ሲቃረብ በየሰፈሩ የሚታይ አንድ ነገር አለ። ሚዜዎች ከሥራ መልስ በአንዱ ቤት ሳሎን ወይም ግቢ ውስጥ ይሰባሰባሉ። ሙዚቃው ከስልክ ይከፈታል፤ ከመካከላቸው የተሻለ የሚችለው ፊት ይቆምና ያሳያል፤ የቀሩት ከኋላ ሆነው ይከተላሉ። ለሠርጉ የቀረው ሁለት ሳምንት በመሆኑ ልምምዱ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ በሙሉ ፍጥነት ነው። ሳምንት ሳይሞላ አንዷ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ፣ ሌላው ማጅራቱ አልዞር ብሎት ወደ ጤና ተቋም ይመጣሉ። ብዙ ጊዜ የሚያስቀድሙት ጥያቄም «ዶክተር፣ ለሠርጉ ይደርስልኛል?» የሚል ነው።

ውዝዋዜን እንደ አዲስ የሚማሩት ግን ሚዜዎች ብቻ አይደሉም። ክብደት ለመቀነስ ብለው በየጂምናዚየሙ የሚመዘገቡ፣ በልጅነታቸው ያልተማሩትን የባህል ጭፈራ ዘግይተውም ቢሆን ለማወቅ የሚፈልጉ፣ ሐኪም «ተንቀሳቀሱ» ብሏቸው ሩጫ የማይሆንላቸው ጎልማሶች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ይህ ደግሞ የሚበረታታ ነው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሕመም ምክንያት ያቆማሉ። ከዚያም «ለእኔ አይሆንም» ብለው ወደ መቀመጥ ይመለሳሉ። በጥቅሉ ጀማሪን የሚጎዳው ውዝዋዜው ሳይሆን ችኮላው ነው። ቅንብሩን ቀስ ብሎ፣ ከፋፍሎና ቆጥሮ መማር እንቅስቃሴውን በትክክል ለመያዝ የሚጠቅመውን ያህል ጡንቻን፣ ጅማትንና ልብን ከጉዳት ይጠብቃል። በዛሬው ጽሑፍ ይህ እንዴት እንደሚሆን እናያለን።

ውዝዋዜ ለጤና ምን ይሰጣል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠሩ ይመክራል። ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በተጨማሪ በሳምንት ሦስት ቀን ሚዛን መጠበቅን የሚያለማምድ እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል። በደንብ የተመራ ውዝዋዜ ከእነዚህ ለሁሉም ድርሻ አለው። ልብ ምቱን ይጨምራል፤ ጉልበት ሸብረክ ማለቱ የጭን ጡንቻን ያሠራል፤ ከአንድ እግር ወደ ሌላው መሸጋገሩ ሚዛንን ያስተምራል።

ለአንጎልም ሥራ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ የታወቀ የአሜሪካ ጥናት በኒውዮርክ ከተማ የሚኖሩ ዕድሜያቸው ከ75 ዓመት በላይ የሆነ 469 ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሏል። ከተጠኑት የአካል እንቅስቃሴዎች መካከል የመርሳት በሽታ ስጋት አነስ ብሎ ከመታየቱ ጋር የተያያዘው ዳንስ ብቻ ነበር። ይህ ዳንስ በሽታውን ይከላከላል ለማለት በቂ ማስረጃ አይደለም፤ ቀድሞውንም ጤናማ የሆኑት ሰዎች ዳንስ ያዘወትሩ ሊሆን ይችላልና። ሆኖም ምት መስማት፣ ቅደም ተከተል ማስታወስና ከጎን ካለው ሰው ጋር እኩል መንቀሳቀስ በአንድ ጊዜ የሚሠሩበት ሌላ እንቅስቃሴ ብዙ የለም።

ከመጀመርዎ በፊት ሐኪም ማየት ያለበት ማነው?

ጤነኛ የሆነና ቀስ ብሎ የሚጀምር ሰው ብዙ ምርመራ አያስፈልገውም። ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት አንዱ ካለብዎት ግን አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

የመጀመሪያው የልብ ጉዳይ ነው። በእንቅስቃሴ ወቅት ደረትዎን የሚያፍንዎ ወይም የሚያምዎ ከሆነ፣ ራስዎን ስተው የሚያውቁ ከሆነ፣ ልብዎ ያለ ምክንያት የሚዛባ ከሆነ፣ ወይም ከቅርብ ቤተሰብ መካከል በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ ሳይመረመሩ ልምምድ አይጀምሩ። «ወጣት ነኝ፣ ልብ የሽማግሌ በሽታ ነው» ማለት በአገራችን አይሠራም። በልጅነት ተገቢውን ሕክምና ካላገኘ የጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣው የልብ ሩማቲክ ሕመም የልብን በሮች፣ ማለትም ቫልቮችን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ በልጅነትና በወጣትነት ነው። እኩዮቹ የማይደክማቸውን ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው ወጣት «ሰነፍ» ከመባሉ በፊት ልቡ በጆሮ ማዳመጫ ቢደመጥ ይሻላል።

ሁለተኛው የደም ግፊት ነው። ግፊትዎ በመድኃኒት የተስተካከለ ከሆነ ውዝዋዜ ይጠቅምዎታል። 180/110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን መጀመሪያ ግፊቱ ይውረድ። ሦስተኛው ስኳር ነው። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ስኳርን የሚያወርድ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ከልምምድ በፊት ይለኩ። ልኬቱ በዴሲሊትር ከ90 ሚሊግራም በታች ከሆነ ትንሽ ምግብ ይቅመሱ፤ ከ250 በላይ ሆኖ የሕመም ስሜት ካለዎት ደግሞ ልምምዱን ለሌላ ቀን ያስተላልፉና ሕክምና ይጠይቁ። ከረሜላ ወይም ስኳር ከኪስዎ አይለይ። የእግር መደንዘዝ ያለበት የስኳር ሕመምተኛ በባዶ እግሩ መወዛወዝ የለበትም፤ ቁስሉ ሳይሰማው ሊያመረቅዝ ይችላል።

የአስም ሕመምተኛ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት ይዞ ይምጣ። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ከክትትል ባለሙያዋ ጋር ትነጋገር፤ ችግር ከሌለባት መንቀሳቀሱ ጥሩ ነው፤ ዝላይና መውደቅን የሚያስከትል መሽከርከር ግን ይቅርባት።

ቅንብር ምንድን ነው?

ኮሪዮግራፊ የሚለው ቃል ጀማሪዎችን ያስፈራል። ትርጉሙ ግን ቀላል ነው፤ እንቅስቃሴዎችን በቅደም ተከተልና በቦታ ማቀናበር ማለት ነው። የቆሎ ተማሪ መጀመሪያ ፊደል ይቆጥራል፤ ቀጥሎ ንባብ ይይዛል፤ ዳዊት የሚደግመው ከዚያ በኋላ ነው። ውዝዋዜም እንዲሁ ነው። ነጠላው እንቅስቃሴ ፊደል ነው። ጥቂት እንቅስቃሴዎች ሲገጣጠሙ ሐረግ ይሆናሉ። ሐረጎች ሲያያዙ ደግሞ ሙሉው ቅንብር ይወጣል። የብዙ ጀማሪዎች ችግር ፊደሉን ሳይቆጥሩ ዳዊቱን ለመድገም መሞከራቸው ነው።

ለእያንዳንዱ ነጠላ እንቅስቃሴ አምስት ጥያቄዎችን ይመልሱ። የሚንቀሳቀሰው የትኛው የአካል ክፍል ነው? ወዴት ነው የሚሄደው? በስንተኛው ምት ላይ ነው? በምን ያህል ኃይል ነው? የሰውነቴ ክብደት ያለው በየትኛው እግሬ ላይ ነው? የመጨረሻዋን ጥያቄ ጀማሪዎች ይዘሏታል፤ ለሐኪም ግን ከሁሉም በላይ የምታስፈልገው እሷ ናት። ክብደቱ በየትኛው እግሩ ላይ እንዳለ ያላወቀ ሰው ሲዞር እግሩ ይጣመማል። ወለምታ የሚመጣው እንዲህ ነው።

ቆጠራው እንደ ሙዚቃው ይለያያል። በዘመናዊ ዳንስ አሰልጣኞች ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ስምንት ይቆጥራሉ። በአማርኛ ዘፈኖች የተለመደው የችክችካ ምት ግን በስድስት የሚቆጠር በመሆኑ ስምንት ይዞ የመጣ ተማሪ ግራ ይጋባል። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት ዘፈኑን ተቀምጠው ይስሙት። ከበሮው የሚከብደው የቱ ላይ እንደሆነ በጭብጨባ ይከተሉት። ምቱን ሲያገኙ ጮክ ብለው ይቁጠሩ። ጮክ ብሎ መቁጠር ሁለት ጥቅም አለው፤ ምቱን ያስይዛል፣ ትንፋሽም እንዳይታፈን ያደርጋል። ጀማሪ ሲጨነቅ ትንፋሹን ይይዛል። ትንፋሽ ይዞ ኃይል ማውጣት ደግሞ የደም ግፊትን ለጊዜው ወደ ላይ ይወነጭፈዋል፤ ራስንም ሊያዞር ይችላል። በእስክስታ የሠለጠኑ ተወዛዋዦች ከትከሻቸው ምት ጋር ትንፋሻቸውን በድምፅ ሲያወጡ ይሰማሉ፤ ልማዱ ለጨዋታው ድምቀት ይሰጣል፤ ለጤናም ደግ ነው።

ቅንብሩን በምን ቅደም ተከተል መማር ይሻላል?

የመጀመሪያው ደረጃ ያለ ሙዚቃ በቆጠራ እግርን ብቻ መማር ነው። እጅ በወገብ ላይ ይሁን። እግሩ ሳያስቡት መሄድ ሲጀምር ተቀምጠው ትከሻውን ወይም እጁን ለብቻው ይለማመዱ። ከዚያ ሁለቱን ያጋጥሙ። በዚህ ጊዜ የያዙት የጠፋ ይመስልዎታል፤ የሚጠበቅ ነው፤ ፍጥነቱን ቀንሰው ይድገሙት። ቀጥሎ ሙዚቃ ይግባ፤ በስልክ ቪዲዮ የሚማሩ ከሆነ ፍጥነቱን መቀነስ ይቻላል። ፊት ለፊት የሚታየው ሰው ቀኝ ለእርስዎ ግራ መሆኑን ግን አይርሱ። ሁለተኛውን ሐረግ ሲይዙ ወዲያው ወደ ሦስተኛው አይሂዱ፤ አንደኛውንና ሁለተኛውን የሚያያይዘውን መሸጋገሪያ ብቻውን ይለማመዱ። እግር የሚጠላለፈው ብዙ ጊዜ ሐረጉ ላይ ሳይሆን መሸጋገሪያው ላይ ነው። ሙሉ ፍጥነት፣ ዝላይና የቡድን አሰላለፍ የሚመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ?

ሲደክምዎት ልምምዱን ማቋረጥ የለብዎትም፤ መልኩን ይለውጡት። ልምድ ያላቸው ተወዛዋዦች ኃይላቸውን መቆጠብ ሲፈልጉ ሙሉውን እንቅስቃሴ አይሠሩም። ዝላዩን ብድግ በማለት፣ ዙሩን በጣት በማመልከት እያሳጠሩ ቅደም ተከተሉን ብቻ ይከልሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በባሌት ተማሪዎች ላይ ተደርጎ የታተመ ጥናት እንዳሳየው ተማሪዎቹ በዚህ መንገድ የከለሱትን ቅንብር ሁልጊዜ በሙሉ ኃይል ከተለማመዱት በተሻለ አቅርበውታል። ምክንያቱ አስቸጋሪ አይደለም። አንጎል ቅደም ተከተል በማስታወስና ሰውነትን በሙሉ ኃይል በማዘዝ በአንድ ጊዜ ሲጠመድ ሁለቱም ይጎድሉበታል። ስለዚህ አንድ ሰዓት ካለዎት ሙሉውን ሰዓት መዝለል የለብዎትም፤ የጊዜውን ግማሽ በክለሳ ማሳለፍ ትምህርት እንጂ ስንፍና አይደለም።

እንቅልፍም የልምምዱ አካል ነው። አንጎል በቀን የተማረውን እንቅስቃሴ የሚያደላድለው በእንቅልፍ ጊዜ ጭምር ነው። በአንድ ቅዳሜ አራት ሰዓት ከመለማመድ በሳምንት አራት ቀን አንድ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ ያነሰ መለማመድ ለትዝታም ለጉልበትም ይሻላል።

የትኛው ውዝዋዜ የቱን አካል ይፈትናል?

የአገራችን ጭፈራዎች አንዱ ከሌላው የሚለያዩት በዋናነት በሚጠቀሙበት የአካል ክፍል ነው። በባህል ምግብ ቤቶች አንድ ቡድን በአንድ ምሽት ልብስ እየቀያየረ የብዙ ብሔረሰቦችን ጭፈራ ሲያሳይ ያዩ ሰዎች ቀላል ይመስላቸዋል። ከእነዚያ ተወዛዋዦች ጀርባ ግን የዓመታት ልምምድ አለ። ጀማሪ በአንድ ጊዜ አንዱን መርጦ ቢጀምር ይሻላል።

እስክስታ የሚሠራው ከብራኳ፣ ማለትም ከትከሻ ጀርባ ካለው ሰፊ አጥንት ነው። ጀማሪ ግን ትከሻውን ወደ ጆሮው ሽቅብ ይሰቅላል። በማግስቱ ማጅራቱ የሚደርቀው ለዚህ ነው። ትከሻዎን ወደ ታች አላልተው ብራኳዎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲንሸራተት ይሰማዎት። እንቅስቃሴው ትንሽ ቢሆንም ትክክል ከሆነ በጊዜው ይሰፋል። አንገትን በድንገት መወርወር ደግሞ የአንገት አጥንት መሸርሸር ላለባቸውና እጃቸውን ለሚደነዝዛቸው ሰዎች አይመከርም።

የጉራጌ ጭፈራ በፍጥነቱ ልብንና ባትን ይፈትናል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክረው ሰው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሊያለከልክ ይችላል። የሸዋ ኦሮሞ ረገዳ መሬት መርገጥ ስላለበት ጫናው በተረከዝ፣ በቅልጥምና በጉልበት ላይ ያርፋል። የወላይታ ጭፈራ ወገብንና ዳሌን ያሠራል፤ የወገብ ዲስክ ሕመም ያለበት ሰው ስፋቱን መቀነስ አለበት። የትግራይ ጭፈራ በከበሮ ዙሪያ እየተዞረ በለሆሳስ የሚጀመር በመሆኑ ለጀማሪም ሆነ ለአረጋውያን ጥሩ መግቢያ ነው፤ ከበሮው ሲጋል ያለው ክፍል ግን ቆይቶ ይምጣ።

ወለሉንም ይመልከቱ። ሲሚንቶ የእግርን ምት አይውጥም። ሴራሚክ በካልሲ ያንሸራትታል። ወፍራም ምንጣፍ ደግሞ ሲዞሩ እግርን ይዞ ጉልበትን ይጠመዝዛል። የእንጨት ወለል ከሁሉም ይሻላል፤ ካልተገኘ መርገጫው ለስለስ ያለ፣ ተረከዝን አጥብቆ የሚይዝ ስፖርት ጫማ ያድርጉ።

አንድ የልምምድ ሰዓት እንዴት ይከፋፈል?

የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ለማሟሟቂያ ይሁን። ባሉበት መራመድ፣ ትከሻን ማሽከርከር፣ ቁርጭምጭሚትን ማዞር፣ ጉልበትን በዝግታ ሸብረክ ማድረግ በቂ ነው። ጡንቻን ወጥሮ ረጅም ጊዜ መያዝ ግን ለመጨረሻው ይቆይ። ቀጥሎ አሥራ አምስት ደቂቃ አዲስ ሐረግ በዝግታ መማር፤ ከዚያ ሃያ ደቂቃ ያህል የሚያውቁትን በሙዚቃ መሥራት፤ በየመካከሉ ማረፍ። የመጨረሻው አሥር ደቂቃ ዝግ ብሎ ለመራመድና ባትን፣ ጭንንና ማጅራትን ለማሳሳብ ይዋል።

የጥንካሬውን ልክ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። እየተወዛወዙ ማውራት ከቻሉ ነገር ግን መዝፈን ካልቻሉ መካከለኛ ነው። ከሁለትና ሦስት ቃል በኋላ ትንፋሽ የሚያቋርጥዎት ከሆነ ጠንካራ ነው። ጀማሪ የመጀመሪያውን ወር አብዛኛውን ጊዜ በመካከለኛው ላይ ይቆይ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ከቆላ አካባቢ በቅርቡ የመጣ ሰው ለጥቂት ቀናት ቶሎ ቢያለከልክ አይደንግጥ፤ ልኩን ዝቅ ያድርግ።

ከባድ ምግብ ከበሉ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆዩ። በጾም ወቅት ሳይበሉና ሳይጠጡ የሚውሉ ሰዎች ጠንካራውን ልምምድ ካፈጠሩ በኋላ ያድርጉት፤ ከዚያ በፊት ያለውን ጊዜ ለክለሳና ለቆጠራ ይጠቀሙበት። ጫትም የልብ ምትንና ግፊትን ስለሚጨምር ቅሞ መወዛወዝ ልብን በሁለት ወገን ማስጨነቅ ነው። መጠጥ ደግሞ ሚዛንን ይነሳል፤ የሕመም ስሜትንም ይደብቃል።

ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም

ከልምምዱ ማግስት ወይም በሁለተኛው ቀን የሚመጣ፣ በሁለቱም እግር ወይም ትከሻ እኩል የሚሰማ፣ ሲያሟሙቁት የሚለቅና በሦስት ቀን ገደማ የሚጠፋ ዝለት የአዲስ ጡንቻ ሥራ ምልክት ነው፤ አያሳስብም። የሚያሳስበው በአንድ ነጥብ ላይ በጣት ሊያሳዩት የሚችሉት፣ በአንድ ወገን ብቻ የሆነ፣ ልምምዱ በቀጠለ ቁጥር የሚብስ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ወይም እብጠት ያለው ሕመም ነው።

እዚህ ላይ ሊታወቅ የሚገባ ነገር አለ። ልብና ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ይጠነክራሉ። ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። በሁለተኛው ወር «አሁን አይደክመኝም» ብሎ ልምምዱን በእጥፍ የሚያሳድግ ሰው ጡንቻው ቢችልለትም አጥንቱ ገና አልደረሰለትም። በቅልጥም ወይም በእግር ጫፍ አጥንት ላይ ቀጭን ስንጥቅ የሚፈጠረው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ባለው ድንገተኛ ጭማሪ ነው። ስለዚህ የልምምዱን ጊዜም ሆነ ፍጥነት ይጨምሩ፤ ሁለቱን በአንድ ሳምንት ግን አይጨምሩ።

ሕመምን በዲክሎፌናክ ወይም በአይቡፕሮፌን እየሸፈኑ መለማመድ ጎጂ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ የደም ግፊትንም ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። ከሁሉም በላይ «አቁም» የሚለውን የሰውነት ድምፅ ያፍናሉ።

ወለምታ ቢደርስስ?

ወዲያውኑ ያቁሙ። እግርዎን ከልብዎ ከፍታ በላይ አድርገው ያሳርፉት። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያስቀምጡ፤ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ይድገሙ፤ በረዶን በባዶ ቆዳ ላይ አያድርጉ። በሚለጠጥ ፋሻ ሳያጠብቁ ይጠቅልሉት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ማሸትና በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍ እብጠቱን ያብሳል።

በእግርዎ አራት እርምጃ መሄድ ካልቻሉ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ራሱ ሲነካ የሚያምዎ ከሆነ ስብራት ሊኖር ስለሚችል ራጅ ያስፈልጋል። ወጌሻ ጋ መሄድ በአገራችን የቆየ ልማድ መሆኑ ይታወቃል። ነገር ግን ስብራት መኖር አለመኖሩ ሳይታወቅ መታሸትና በቀርከሃ ወይም በእንጨት አጥብቆ መታሰር አደጋ አለው። ደም መዘዋወር ተቋርጦ እግራቸውን ያጡ ሰዎች አሉ። የታሰረው እግር ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ቀለማቸው ከተለወጠ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ማሰሪያውን አስፈትተው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ደረት ላይ ጫና፣ ራስን መሳት ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከተፈጠረ ግን ዕረፍት ብቻ አይበቃም፤ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና መድረስ ግድ ነው።

ቀኑ ለደረሰባቸው

ሠርግ ወይም ዝግጅት ኖሯቸው ጊዜ ያጠራቸው ሰዎች ሁለት ነገር ያድርጉ። ቅንብሩን ያሳጥሩት፤ በትክክል የተሠሩ ሦስት ሐረጎች ከተምታቱ አሥር ሐረጎች ይልቅ ያምራሉ። ቀጥሎም በመጨረሻዎቹ ቀናት በዕለቱ በሚያደርጉት ጫማና ልብስ ይለማመዱ። በስፖርት ጫማ የተለማመደች ሚዜ በረጅም ተረከዝ ጫማና በረጅም የሐበሻ ቀሚስ ስትወዛወዝ የክብደቷ ሚዛን ሁሉ ይለወጣል። ከዋዜማው ቀን በፊት ያለው ቀን የዕረፍትና የክለሳ ይሁን።

የውዝዋዜ ችሎታ ከተወሰነ ዕድሜ በኋላ የሚዘጋ በር የለውም። በሃምሳ ዓመት የሚጀምር ሰው ከሃያ ዓመቱ ወጣት ዘግይቶ ይይዝ ይሆናል፤ መያዙ ግን አይቀርም። መሳቅ የሚፈልግ ጎረቤት ካለም ይሳቅ። በዚህ ሳምንት የሚወዱትን አንድ ዘፈን ይምረጡ፤ ተቀምጠው ምቱን ይቁጠሩ፤ ከዚያ ተነስተው አንዷን እርምጃ ብቻ በዝግታ ይያዙ። ለመጀመሪያው ቀን ይህ በቂ ነው።

መልካም ጤንነት!